የፊልም ሙዚቃ «ዘመኖች» እና የሰብሳቢው መደርደሪያ

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን ወደ ፊልም ሙዚቃ የገባው በ1941 በ«ሲቲዝን ኬን» ነው፤ ያን ጊዜ የሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የራሳቸውን ኦርኬስትራ በቋሚ ደመወዝ ቀጥረው ያሠሩ ነበር። የ«ታክሲ ድራይቨር»ን ሙዚቃ አስቀርጾ በጨረሰ በሰዓታት ውስጥ፣ በ1975 የገና ዋዜማ ሲያርፍ ግን ያ ሥርዓት ከፈረሰ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ሰብሳቢዎችና የፊልም ሙዚቃ ጸሐፍት በተለመደው አከፋፈላቸው ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ ያለውን «ወርቃማ ዘመን»፣ ከዚያ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ያለውን «የብር ዘመን» ይሉታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ አንዳንዶቹ «የነሐስ ዘመን»፣ ሌሎቹ በቀላሉ «ዘመናዊ» ብለው ይጠሩታል። ኸርማን በዚህ አከፋፈል ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል፤ የሁለቱን ወቅቶች ሥራዎቹን አከታትሎ ያዳመጠ ሰው ግን አንድ እጅ እንደጻፋቸው ለመለየት አይቸገርም።

ይህ ማለት አከፋፈሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1938 የተሠራን የጀብድ ፊልም ሙዚቃ በ1968 ከተሠራው ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ትልቅ ነገር በመካከል እንደተለወጠ ወዲያው ይሰማዋል። ጥያቄው የተለወጠው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ ከሙዚቃው ጠባይ ይፈለጋል፤ ከሮማንቲክ ሲምፎኒ ወደ ጃዝ፣ ከጃዝ ወደ ፖፕ፣ ከዚያም ወደ ሲምፎኒ መመለስ ተብሎ ይተረካል። ይህ ትረካ ስሕተት ባይሆንም ነገሩን ከጫፉ ይዞ የሚጀምር ይመስለኛል። ዘመኖቹን ከሥር የለያቸው ሙዚቀኞቹ በምን ውል ይሠሩ እንደነበር፣ ሙዚቃው ከፊልሙ ውጭ ይሸጥ ወይም አይሸጥ እንደነበር፣ ቀረጻውም በማን ግምጃ ቤት እንደቀረ ነው። የስቱዲዮዎቹ ግምጃ ቤቶች በልዩ አሳታሚዎች አማካይነት እየተከፈቱ፣ ሲዲ ከገበያ እየወጣ፣ ሸክላ እንደገና እየታተመ፣ አብዛኛው አድማጭም ሙዚቃን ከኢንተርኔት በሚያዳምጥበት በአሁኑ ወቅት ደግሞ ጉዳዩ የታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ አንድ ሰው ዛሬ ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ የሚወስን ጥያቄ ሆኗል።

ደመወዝተኛው ኦርኬስትራ

ድምፅ አልባ ፊልሞችም ከሙዚቃ ተለይተው አያውቁም። ካሚል ሳን-ሳንስ በ1908 ለአንድ የፈረንሳይ ፊልም ሙዚቃ ደርሷል፤ ሲኒማ ቤቶችም እንደ አቅማቸው ከአንድ ፒያኖ እስከ ሙሉ ኦርኬስትራ ያሰልፉ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሙዚቃ ከአዳራሽ አዳራሽ ይለያይ ስለነበር ከፊልሙ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነገር አልሆነም። ከ1927 በኋላ የድምፅ ፊልም ሲስፋፋ ስቱዲዮዎቹ በመጀመሪያ ያተኮሩት በንግግርና በዘፈን ላይ ነበር፤ በጫካ ወይም በባሕር ላይ በሚታይ ትዕይንት ኦርኬስትራ ቢሰማ ተመልካቹ ሙዚቃው ከየት መጣ ብሎ ይደናገራል የሚል ሥጋትም ነበራቸው። ማክስ ስታይነር በ1933 ለ«ኪንግ ኮንግ» የጻፈው ሙዚቃ ያንን ሥጋት ከሥሩ ነቀለው። በአሻንጉሊት የተሠራውን ግዙፍ ፍጥረት በአንድ ጊዜ አስፈሪም አሳዛኝም አድርጎ ያቀረበው ኦርኬስትራው ስለነበር፣ ሙዚቃው ባይኖር ፊልሙ መሳቂያ ሊሆን ይችል እንደነበር ብዙዎች ይስማማሉ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ትልቅ ስቱዲዮ የሙዚቃ ክፍሉን እንደ አንድ ፋብሪካ አደራጀ። ኃላፊ፣ ቋሚ ደራስያን፣ የደራሲውን ንድፍ ለኦርኬስትራ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች፣ ኖታ ገልባጮች፣ የኖታ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀረጻ አዳራሽና በውል የታሰረ ኦርኬስትራ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። በትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ይህንን ክፍል ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የመራው አልፍሬድ ኒውማን 9 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሥራው ባለቤት ደራሲው ሳይሆን ክፍሉ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ለ1936ቱ «አንቶኒ አድቨርስ» የጻፈው ሙዚቃ ሲሸለም ሐውልቱን የተቀበለው የዋርነር ብራዘርስ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ነበር። ደንቡ ተለውጦ ኮርንጎልድ በስሙ የተሸለመው በ1938 ለተሠራው የሮቢን ሁድ ፊልም ነው።

የዚህ ዘመን ድምፅ የመካከለኛው አውሮፓን ሮማንቲክ ሲምፎኒ የሚያስታውስበት ምክንያት ከስደት ጋር የተያያዘ መሆኑ በብዙ ቦታ ተጽፏል። ስታይነርና ኮርንጎልድ ከቪየና የሙዚቃ ዓለም የመጡ ናቸው፤ ፍራንዝ ዋክስማን በ1934 በርሊን ውስጥ በናዚ ደጋፊዎች ከተደበደበ በኋላ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ ሚክሎሽ ሮዛ ከሃንጋሪ በፓሪስና በለንደን በኩል አድርጎ ደረሰ። ኮርንጎልድ የሮቢን ሁድን ፊልም ለመሥራት ሆሊውድ ሳለ ሂትለር ኦስትሪያን ስለጠቀለለ ያ የሥራ ግብዣ ሕይወቱን እንዳተረፈለት ይቆጥር ነበር። እውነት ነው፤ ያለ እነዚህ ሰዎች ያ ድምፅ አይታሰብም። ነገር ግን በደመወዝ የሚከፈለው ኦርኬስትራ ባይኖር የእነርሱ ተሰጥኦ በዚያ መጠን መፍሰሻ ባላገኘም ነበር። ሙዚቀኛው ቢጫወትም ባይጫወትም ውሉ የሚያስገኝለት ክፍያ ካለ፣ ለአንድ ፊልም የሰባ ደቂቃ ሙዚቃ ማስቀረጽ ከሃያ ደቂቃ ብዙም የበለጠ ወጪ አያስከትልም። በዚያ ዘመን ፊልሞች ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያቋርጥ የማይመስለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ስታይነር በ1939 ለ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ሙዚቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ያዘጋጀው ብቻውን አልነበረም፤ ሙሉ የባለሙያ ቡድን ከጎኑ ነበር።

1958

ወርቃማው ዘመን መቼ አበቃ ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ አራት መልሶች ይሰነዘራሉ። አንዱ ወገን 1948ን ይጠቅሳል፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቱዲዮዎች ፊልም ሠሪም የሲኒማ ቤት ባለቤትም ሆነው ገበያውን እንዳይቆጣጠሩ ወሰነ፤ የገቢያቸው መሠረትም ተናጋ። ሌላው 1951ን ይመርጣል፤ አሌክስ ኖርዝ «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» በተባለው ፊልም ጃዝን ወደ ድራማው ልብ ያስገባበት ዓመት ነው። ሦስተኛው በ1952 የዲሚትሪ ቲዮምኪን «ሃይ ኑን» በአንድ ባላድ ዙሪያ መሠራቱንና ዘፈኑ በሬዲዮ ተወዳጅ መሆኑን ያነሣል። አራተኛው ሊዮናርድ ሮዘንማን በ1955 «ዘ ኮብዌብ» በተባለው ፊልም የአሥራ ሁለት ቃና ስልትን (አሥራ ሁለቱንም ቃናዎች እኩል የሚያስተናግድ፣ ከተለመደው ቅኝት የወጣ አጻጻፍ) መጠቀሙን ያስታውሳል።

እኔ 1958ን እመርጣለሁ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር በስቱዲዮዎቹ ላይ ሥራ ማቆም አድማ መታ። አድማው ሲያበቃ ማኅበሩ ራሱ ተከፍሎ ነበር፤ የስቱዲዮዎቹን ሙዚቀኞች የመወከል መብት ለአዲስ ተቀናቃኝ ማኅበር ተላለፈ፤ በተደረሰው ስምምነትም ቋሚው የስቱዲዮ ኦርኬስትራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሙዚቀኛ የሚጠራው ለአንድ ቀረጻ ነው፤ የሚከፈለውም በሰዓት ነው። አድማው በጊዜው ያስከተለው ጣጣ በአንድ ታላቅ ሥራ ላይ ታትሞ ቀርቷል። የኸርማን «ቨርቲጎ» በሆሊውድ መቀረጽ ስላልቻለ ወደ ለንደን ተወሰደ፤ የለንደን ሙዚቀኞችም ለአሜሪካውያኑ አጋርነታቸውን ለማሳየት ሥራ ሲያቆሙ ቀሪው በቪየና ተጠናቀቀ። መሪው ኸርማን ሳይሆን ሙር ማቲሰን ነበር። ኸርማን በዚህ መናደዱ ቢታወቅም ያ ቀረጻ ዛሬ ከፊልም ሙዚቃ ታላላቅ ቅርሶች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

የ1958 ሌላኛው ገጽታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዋርነር ብራዘርስ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ያቋቋመው በዚያው ዓመት ነው፤ ኮሎምቢያ ፒክቸርስም እንዲሁ፤ ዩናይትድ አርቲስትስ ደግሞ በ1957 ቀድሟቸዋል። ስለዚህ ኦርኬስትራውን ከደመወዝ መዝገባቸው የሰረዙት ስቱዲዮዎች ሙዚቃውን እንደ ራሱን የቻለ ሸቀጥ የሚሸጡበትን ሱቅ የከፈቱት በተመሳሳይ ወቅት ነው። ለእኔ የሁለቱ ዘመኖች ድንበር እዚህ ላይ ነው። ድንበሩ ግን የሂሳብ መዝገብ ድንበር እንጂ የድምፅ ድንበር አይደለም፤ ሮዛ «ቤን ሁር»ን የጻፈው በ1959 ነው፤ በድምፁ ግን ከቀደመው ዘመን ማንኛውም ሥራ የማይተናነስ ወርቃማ ነው። ስልት ከሥርዓት ዘግይቶ ይሞታል።

ሸክላው ፊልሙ አይደለም

በብር ዘመን ውስጥ ሰብሳቢን በጣም የሚያሳስተው ነገር አልበሙ ነው። ሄንሪ ማንቺኒ ለ«ፒተር ገን» የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የጻፈው ሙዚቃ በሸክላ ታትሞ በ1959 በተካሄደው የመጀመሪያው የግራሚ ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ። ማንቺኒ በዚህ ስኬት የተማረውን ከዚያ በኋላ በቋሚነት ተገበረው፤ ለፊልም ያስቀረጸውን ወደ ጎን አስቀምጦ፣ ዜማዎቹን ለማዳመጥ በሚያመች መልክ አሳጥሮና አቀናብሮ፣ ለሸክላ እንደ አዲስ ያስቀርጽ ነበር። በ1961 የወጣው የ«ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» አልበም ይህን መንገድ የተከተለ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አድማጮች የፊልሙ ሙዚቃ ብለው የያዙት በፊልሙ ውስጥ ያልተሰማ ቀረጻ ነበር፤ ለፊልሙ የተቀረጸው እውነተኛው ሙዚቃ ለሕዝብ የቀረበው ኢንትራዳ የተባለው አሳታሚ በ2013 ሲያወጣው ነው። የጆን ዊሊያምስ «ጆውስ» የ1975 ሸክላም በተመሳሳይ መንገድ ለአልበም ተብሎ የተቀረጸ ነው።

የዚህ ምክንያት ውበት ብቻ አልነበረም። በሙዚቀኞች ማኅበር ውል መሠረት ለፊልም የተቀረጸ ሙዚቃ በሸክላ ሲታተም ለተጫዋቾቹ ተጨማሪ ክፍያ ይከፈላል። አንዳንድ ጊዜ ይህን ክፍያ ከመክፈል በአነስተኛ ቡድን ወይም ከአሜሪካ ውጭ እንደ አዲስ ማስቀረጽ ይረክስ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ የሳውንድትራክ ሲዲዎች ሰባ ደቂቃ ሊይዝ በሚችል ዲስክ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ይዘው የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። የአልበሙን አጭርነት የአሳታሚው ስስት አድርጎ መውሰድ የተለመደ ቢሆንም ሂሳቡን ላየ ሰው ነገሩ ሌላ ነው።

ሸቀጡ ሙዚቃውን መግፋት ሲጀምር የተፈጠረውን ግጭት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የ1966ቱ ፊልም «ቶርን ከርተን» ነው። ስቱዲዮውም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክም ለጊዜው አድማጭ የሚስማማ፣ ሊሸጥ የሚችል ሙዚቃ ፈለጉ፤ ኸርማን ቫዮሊን የሌለበት፣ 16 ሆርንና 12 ፍሉት ያሰለፈ ጨለማ የተጫነው ሙዚቃ ይዞ መጣ። ሂችኮክ ከቀረጻው መሐል አባረረው፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አብረው አልሠሩም። በዚያው አሥርት ዓመት ሌላ ሙዚቃም ከፊልሙ ተባሯል፤ አሌክስ ኖርዝ ለ«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» የጻፈውንና ያስቀረጸውን ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ትቶ ለጊዜው ያስቀመጣቸውን የክላሲካል ቀረጻዎች በቦታው አጸና። ጄሪ ጎልድስሚዝ የኖርዝን ሥራ በ1993 እንደገና አስቀረጸው፤ የ1968ቱ ዋና ቀረጻ ደግሞ በ2007 ታተመ። በየትኛውም ፊልም ውስጥ ያልተሰማ የፊልም ሙዚቃ የሰብሳቢዎች ልዩ ርስት ሆኗል፤ በዘመን አከፋፈል ውስጥ የት እንደሚገባ ግን ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። የኖርዝ ሥራ የተጻፈው በ1968 ነው፤ አድማጭ ያገኘው ከ25 ዓመት በኋላ ነው።

ወርቁን ወርቅ ያለው ማን ነው?

ሦስተኛው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በ1977 ነው፤ የዊሊያምስ «ስታር ዋርስ» በለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተቀርጾ በሁለት ሸክላ ወጣና ትልቁ ሲምፎኒ ወደ ፊልም ተመለሰ ይባላል። ይህ አባባል የመሐሉን ምዕራፍ ይዘልላል። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ መሪው ቻርልስ ገርሃርትና የደራሲው ልጅ ጆርጅ ኮርንጎልድ በለንደን የኮርንጎልድን የፊልም ሙዚቃዎች በጥሩ ስቴሪዮ እንደ አዲስ አስቀርጸው በሸክላ አሳታሚው አርሲኤ ስም አወጡ። ሽያጩ ከተጠበቀው በላይ ስለሆነ ተከታታይ ሆነ፤ ስታይነር፣ ዋክስማን፣ ሮዛ፣ ኒውማን፣ ኸርማን እያንዳንዳቸው ተራ ደረሳቸው። ኤልመር በርንስታይንም በ1974 ለአባላት በፖስታ የሚላክ የራሱን የሸክላ ስብስብ ጀመረ፤ የተባረረው «ቶርን ከርተን» ከተቀረጹት አንዱ ነው።

በእኔ ግምት «ወርቃማው ዘመን» አንድ ወጥ ነገር ሆኖ በአድማጮች አእምሮ የተቀረጸው በእነዚህ ሸክላዎች ነው። በአንድ ኦርኬስትራ፣ በአንድ መሪ፣ በአንድ ዓይነት የድምፅ ጥራት የተቀረጹ የተመረጡ ክፍሎች በአሥር የተለያዩ ስቱዲዮዎችና በሃያ ዓመታት ውስጥ የተበታተነውን ሥራ አንድ ቤተሰብ አስመሰሉት። መለያውን ያጠነከረው ደግሞ በ1990ዎቹ የመጣው የሲዲ ኅትመት ነው። «ፊልም ስኮር መንዝሊ» የተባለው መጽሔት ከ1996 ጀምሮ 250 ያህል አልበሞችን ሲያሳትም አብዛኞቹን «ወርቃማ ዘመን» እና «የብር ዘመን» በሚሉ ሁለት ስሞች ሥር ነበር ያወጣቸው። ከዚያ በኋላ አከፋፈሉ የሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈ ምልክት እንጂ የተቺዎች መከራከሪያ ሆኖ አልቀጠለም። የብረቶቹ ስም ደረጃን አብሮ ይዞ መምጣቱም መዘንጋት የለበትም፤ ጎልድስሚዝ በ1968 ለ«ፕላኔት ኦቭ ዘ ኤፕስ» የጻፈው፣ ከወጥ ቤት ሳህን እስከ አውራ በግ ቀንድ የተጠቀመ ሙዚቃ ከማንኛውም የ1940ዎቹ ሥራ ዝቅ ያለ የሚያስመስል ስም ተሸክሞ ይኖራል። ይህ ፍርድ ሳይከራከሩበት የጸደቀ ነው።

አከፋፈሉ ከሆሊውድ ሲወጣ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። በሕንድ ሲኒማ ከመጀመሪያው የድምፅ ፊልም፣ ከ1931ዱ «አላም አራ» ጀምሮ የፊልሙ ነፍስ ዘፈኑ ነው፤ ዘፈኖቹም ፊልሙ ከመታየቱ በፊት መሸጣቸው የተለመደ ሆነ። በሶቪየት ኅብረት ፕሮኮፊዬቭ የ1938ቱን «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ሙዚቃ በማግስቱ ዓመት ለኮንሰርት አዳራሽ አቀናበረው። በጃፓን አኪራ ኢፉኩቤ በ1954 «ጎጂራ»ን (ጎድዚላን) ሲጽፍ ከአሜሪካ ስቱዲዮ ውዝግብ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም። በጣልያን ኤኒዮ ሞሪኮኔ በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦቭ ዶላርስ» ላይ ፉጨት፣ የአለንጋ ጩኸትና የኤሌክትሪክ ጊታር የተጠቀመበት አንዱ ምክንያት ሙሉ ኦርኬስትራ ለመቅጠር የሚበቃ ገንዘብ አለመኖሩ ነበር፤ ውጤቱ ግን የአንድ ሙሉ የፊልም ዘርፍ ድምፅ ሆኖ ቀረ። እዚህም ቢሆን ከስልቱ ጀርባ የሚገኘው ገንዘብ ነው፤ ዘመኑን የሚቆርጠው ሒሳብ ግን የራሱ የጣልያን ነው።

ከግምጃ ቤቱ የተረፈው

ሰብሳቢ ሊያገኝ የሚችለው ስቱዲዮዎች ያልጣሉትን ብቻ ነው። ኤምጂኤም የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በ1969 አካባቢ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል የኦርኬስትራ ኖታዎቹን ቤተ መጻሕፍት ለቆሻሻ መጣያ ዳርጓል፤ የቅጂ መብትን ለማስረዳት የተያዙ አጫጭር የፒያኖ ንድፎች ነበሩ የተረፉት። እንግሊዛዊው መሪ ጆን ዊልሰን የዚያን ስቱዲዮ ሙዚቃዊ ፊልሞች በኮንሰርት ለማቅረብ የቻለው ከእነዚያ ንድፎችና ከፊልሞቹ የድምፅ ትራክ በጆሮው ማስታወሻ እየያዘ ኖታውን መልሶ በመጻፍ ነው። ቀረጻዎቹም የራሳቸው ጠላት አላቸው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ሙዚቃ የሚቀረጸው በፊልም ጠርዝ ላይ በብርሃን ነበር፤ በናይትሬት ፊልም ላይ የነበረው በቀላሉ ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል። በማግኔት ፊልም ላይ የተተካው ደግሞ በጊዜ ብዛት እየተኮማተረ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፤ አንዴ ከጀመረ ሊዘገይ እንጂ ሊቆም አይችልም።

በዚህ መካከል ያልታሰበ ዕድልም አለ። እንደ ፎክስ ያሉ ስቱዲዮዎች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አንዱን ኦርኬስትራ በተለያየ ቦታ በተተከሉ ማይክሮፎኖች በተለያዩ የፊልም ጥቅልሎች ላይ ይቀርጹ ነበር። ዓላማቸው በቅይጡ ጊዜ የአንዱን ወይም የሌላውን መሣሪያ ድምፅ ለማጉላት ነበር፤ ስቴሪዮ በሐሳባቸው አልነበረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የድምፅ መሐንዲሶች የተረፉትን ጥቅልሎች ጎን ለጎን አስኪደው ያኔ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ስቴሪዮ አወጡ። ስለዚህ አንድ የቆየ ፊልም ሙዚቃ በሞኖ ይሁን በስቴሪዮ መውጣቱ የአሳታሚው ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ስቱዲዮ ምን እንዳስቀመጠ ይወስነዋል።

ልዩ አሳታሚዎቹ የሚሠሩት በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። በ1978 የተመሠረተው ቫሬስ ሳራባንድ፣ በ1985 የጀመረው ኢንትራዳ፣ በ2002 የመጣው ላ-ላ ላንድ እና ሌሎችም ከስቱዲዮዎች ጋር እየተዋዋሉ ሙሉ ሙዚቃዎችን በውስን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 5,000 በሚደርስ ቅጂ ያወጣሉ። ከውስን ቁጥሩ ጀርባ ያለው ሰብሳቢን የማጓጓት ዘዴ ብቻ አይደለም፤ የሙዚቀኞች ማኅበር ለአነስተኛ ኅትመት የፈቀደው የተቀነሰ ክፍያ ከሌለ አብዛኞቹ ሥራዎች ወጪያቸውን አይመልሱም። ገዢውም ዲስኩን ብቻ አያገኝም፤ አብሮ የሚመጣው የክፍል በክፍል ማብራሪያ፣ የቀረጻ ቀን፣ የአቀናባሪዎችና አንዳንዴም የተጫዋቾች ስም ከዲስኩ ባልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ስለ ብዙዎቹ ሥራዎች በጥንቃቄ የተጻፈ ብቸኛው ጽሑፍም እሱ ነው።

ብርቅነት ግን ከሙዚቃው ዋጋ ጋር አይሄድም። በሰብሳቢዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ከውድ ሸክላዎች ቀዳሚ ሆኖ የኖረው የ1954ቱ የ«ኬን ሙቲኒ» አልበም ነው። አርሲኤ ሸክላውን በአንድ በኩል የስታይነርን ሙዚቃ፣ በሌላው በኩል የፊልሙን የፍርድ ቤት ትዕይንት ንግግር አድርጎ አዘጋጀው፤ የልብ ወለዱ ደራሲ በንግግሩ መጠቀም ላይ ስለተቃወመ ከመሸጡ በፊት ተሰበሰበ። አምልጠው የወጡት ቅጂዎች ጥቂት በመሆናቸው ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። ሙዚቃው መልካም ቢሆንም ከስታይነር ታላላቅ ሥራዎች የሚቆጠር አይደለም፤ ገበያው የሚከፍለው ለክርክሩ ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎቶች መምጣት ይህን ሁሉ ያቀለለ መስሎ ነበር። ለተራ አድማጭ በእርግጥ አቅልሎታል። በልዩ አሳታሚዎች የወጡት ሙሉ ኅትመቶች ግን አብዛኞቹ እዚያ የሉም፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለዲስክ ብቻ ነውና። እዚያ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የድሮው አጭር አልበም ወይም ዳግም ቀረጻ ነው፤ ከጎኑ የሚነበበው ዓመትም የመጨረሻው ኅትመት ዓመት ሊሆን ስለሚችል በ1940ዎቹ የተጻፈ ሥራ የ2010ዎቹ መስሎ ይታያል፤ የተጫወተው ኦርኬስትራና ቀረጻው የተደረገበት ቦታም አይገለጽም። ዲስኩ አልቆ አሳታሚው እንደገና ካላተመው፣ ኢንተርኔት ላይም ካልወጣ፣ ያ ሙዚቃ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝበት ቦታ የለም። ስቱዲዮዎቹ እየተጠቃለሉ መሄዳቸውም ነገሩን አወሳስቦታል፤ ዲዝኒ በ2019 ፎክስን ሲገዛ የኒውማን ዘመን ግምጃ ቤትም አብሮ ባለቤት ቀይሯል፤ ፈቃድ ለማግኘት የሚንኳኳው በርም ተቀይሯል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሰብሳቢን የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ዓመታትን መመዝገብ ይመስለኛል፤ ሙዚቃው የተጻፈበትን፣ ይህ ቅጂ የተቀረጸበትንና የታተመበትን። የኸርማን «ሳይኮ» በእነዚህ መስመሮች ቢጻፍ በ1960 ፊልሙ ውስጥ የተሰማው ቀረጻና ደራሲው ራሱ በ1975 በለንደን መርቶ ያስቀረጸው፣ ፍጥነቱ በግልጽ የቀነሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ወዲያው ይታያል። «ወርቅ» ወይም «ብር» የሚል ምልክት ይህን አይነግረንም፤ በሁለቱም ላይ ያው የብር ምልክት ይለጠፋል። ከሦስቱ ዓመታት ጎን ደግሞ የኦርኬስትራውን ስምና ቀረጻው ከየትኛው ምንጭ እንደተወሰደ መጻፍ አለበት፤ ከፊልሙ ዋና ቴፕ፣ ከስቱዲዮው የተገለበጠ ቅጂ፣ ወይስ ከተቧጨረ ሸክላ። ከሸክላ የተገለበጠውን ዋናው ቴፕ እንደተገኘ ለመተካት፣ ዳግም ቀረጻውን ግን ዋናው ቢወጣም ለማስቀረት ምክንያት አለ፤ ገርሃርት የመራው የኮርንጎልድ ሙዚቃ ከዋርነር ዋና ቀረጻዎች ጋር ጎን ለጎን ሊኖር የሚገባው የ1972 የለንደን ሥራ ስለሆነ ነው።